ኔፔንቴስን በቤት ውስጥ መለየትና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅጠሉ ጫፍ ላይ ማሰሮ የሚያንጠለጥል፣ ነፍሳት የሚበላ ተክል ገዝታችሁ ወይም በስጦታ አግኝታችሁ ይሆናል። ስሙ ኔፔንቴስ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው «ምን ላብላው?» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ተክል በረሃብ ሲሞት አይታይም። የሚገድለው የማይስማማው ውሃ፣ የብርሃን እጦትና ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ነው። ስለዚህ ከታች ስለ ምግብ ከምታነቡት ይልቅ ስለ ውሃ የምታነቡት ቢበዛ አይግረማችሁ።

ያለኝ ተክል ኔፔንቴስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማሰሮው ከየት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ኔፔንቴስ ከሆነ መጀመሪያ ተራ የሚመስል ረዘም ያለ አረንጓዴ ቅጠል አለ። የቅጠሉ መሀል ጅማት ጫፉን አልፎ እንደ ጭራ ይረዝማል፣ ማሰሮው የሚንጠለጠለውም በዚያ ጭራ መጨረሻ ላይ ነው። ቅጠል፣ ጭራ፣ ማሰሮ። ከሌሎቹ ባለ ማሰሮ ነፍሳት በል ዕፅዋት መካከል እንዲህ ያለ የለም።

ቅጠሉ ራሱ ቱቦ ሆኖ ከመሬት ቀጥ ብሎ ከወጣ የሰሜን አሜሪካው ሳራሴኒያ ሳይሆን አይቀርም። አውራ ጣት የሚያክሉ ማሰሮዎች መሬት ላይ ከተኮለኮሉ ሴፋሎተስ ነው፣ እሱ በዱር የሚገኘው ደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ብቻ ነው። በቬንዙዌላና አካባቢው ባሉ አናታቸው ጠፍጣፋ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ሄሊያምፎራም አለ፣ እሱ ግን ቤት ውስጥ ብዙ አይገጥማችሁም።

ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሳራሴኒያ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢቆም ደስ ይለዋል፣ ጠራራ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በብርድ ወራትም ቀዝቀዝ ያለ የዕረፍት ጊዜ ያስፈልገዋል። ኔፔንቴስ ላይ ይህን ብታደርጉ ገደላችሁት ማለት ነው።

ዝርያውንስ እንዴት ልለይ? መለያው ላይ የተጻፈው «ኔፔንቴስ» ብቻ ነው።

ከ170 በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉ፣ ድቅሎቹ ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ደግነቱ ለቤት ተብለው በብዛት የሚሸጡት ጥቂት ናቸው። ማሰሮው ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ከታች ሆዱ ከተነፋ፣ ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚያደላ ከሆነ ቬንትራታ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቬንትራታ የሁለት የፊሊፒንስ ዝርያዎች ድቅል ነው። አንዱ ወላጅ ቬንትሪኮዛ ነው፤ ሌላው ለረጅም ጊዜ አላታ ሲባል የኖረው፣ አሁን ግን ብዙዎች ግራሲሊፍሎራ ነው የሚሉት ነው። «አላታ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥም አብዛኛው ይኸው ቬንትራታ ነው። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ብዙ ነገር ይችላል።

ማሰሮው ትልቅ፣ ነጠብጣብ የበዛበትና ከንፈሩ ባለ መስመር ከሆነ ሚራንዳ የሚባለው ድቅል ሊሆን ይችላል። ትንንሽ፣ ድብልብልና ደማቅ ቀይ ከሆኑ ብለዲ ሜሪን ጠርጥሩ። ክዳኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ ዝናብ በቀጥታ የሚገባበት ድቡልቡል ማሰሮ የአምፑላሪያ ነው። ከክዳኑ ሥር ሁለት ሹል ጥርሶች ወደ ታች ካሾሉ ቢካልካራታ ነው፣ እሱን ከማንም ጋር አታምታቱትም። የቅጠሉ ጫፍ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ደግሞ ትሩንካታ።

ተክሉ ገና ሕፃን ከሆነ ግን አትድከሙ። የሁሉም የሕፃንነት ማሰሮ ይመሳሰላል። አድጎ እስኪታይ መጠበቅ ነው።

አንዱ ተክል ላይ ሁለት ዓይነት ማሰሮ አየሁ። ሁለት ተክል አብሮ ተተክሎ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ ተክል ነው። ከመሬት ጠጋ ብለው የሚወጡት የታች ማሰሮዎች ወፈር ያሉ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ሁለት ጸጉራም ክንፎች አሏቸው፣ ጭራውም የሚገናኛቸው በክንፎቹ በኩል ነው። ተክሉ ሐረግ ሆኖ መውጣት ሲጀምር የሚያወጣቸው የላይ ማሰሮዎች ቀጠን ብለው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይሰፋሉ፣ ክንፎቻቸው ይጠፋሉ ወይም መስመር ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ጭራውም የሚገናኛቸው ከጀርባ ነው፣ ብዙ ጊዜም መሀሉ ላይ አንድ ዙር ተጠምዝዞ ያገኘውን ነገር ይይዛል። ፎቶ አንስታችሁ ስለ ዝርያው ሰው ስትጠይቁ የትኛውን ማሰሮ እንዳነሳችሁ ንገሩ። ሁለቱንም ብታሳዩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ቆላና ደጋ የሚባለው ምንድን ነው?

ኔፔንቴስ ላይ ትልቁ ክፍፍል ይህ ነው። ድንበሩ በግምት ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። የቆላ ዝርያዎች ቀን ከ26 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወዳሉ፣ ሌሊትም ከ20 በታች ባይወርድባቸው ይመርጣሉ። የደጋዎቹ ቀን ከ20 እስከ 27 ይበቃቸዋል፣ ሌሊት ግን ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች መቀዝቀዝ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የደጋ ተክል የቀኑን ሙቀት ትንሽ ይታገሳል፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት ግን ቀስ በቀስ እየኮሰመነ ይሄዳል።

ራጃ የሚባለውን የደጋ ዝርያ ውሰዱ። በዱር የሚገኘው ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ ሳባ ግዛት ውስጥ ባሉት በኪናባሉ ተራራና በጎረቤቱ በታምቡዩኮን ብቻ ነው፣ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ። ማሰሮው ከሦስት ሊትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ፎቶውን ያየ ሁሉ ይመኘዋል፣ ግን ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ አይኖርም። ቬንትራታ፣ ቬንትሪኮዛና ሳንጉዊኔያ ግን መሀል ላይ ያሉ ስለሆኑ እኛ በምንኖርበት የቤት ሙቀት ተስማምተው ይኖራሉ።

የቧንቧ ውሃ ላጠጣው?

አብዛኛው የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ኔፔንቴስ የሚበቅልበት አፈር ከማዕድን የተራቆተ ነው፣ ነፍሳት መያዝ የጀመረውም ለዚሁ ነው። ሥሩ ጨውና ካልሲየም የበዛበት ውሃ አይችልም። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ማዕድኑ በየማጠጫው እየተጠራቀመ ይሄድና ከወራት በኋላ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል፣ አዲስ ማሰሮ መውጣት ያቆማል፣ ያኔ «ትናንት እኮ ደህና ነበር» ይባላል።

የሚሆነው የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃ (እንፋሎቱ ተጠራቅሞ የተጣራ) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ጨውን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ፣ የተጣራ ውሃ ነው። ቲዲኤስ ሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ይለካል። ከ50 በታች ካነበበ ምርጥ ነው። እስከ 100 ድረስ ጠንካራ ዝርያዎች ይታገሱታል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሌላ ውሃ ፈልጉ።

ባፈላውስ? አይረዳም። ውሃው ሲተን የሟሟው ጨው ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ የቀረው ውሃ ጨዉ ይበልጥ ይበዛበታል። ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው። የከሰል ማጣሪያ ያላቸው ጆጎችም ክሎሪኑን ይቀንሳሉ እንጂ ማዕድኑን ሙልጭ አድርገው አያወጡም። የታሸገ የማዕድን ውሃማ ስሙ ራሱ ይናገራል።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ከላይ አፍስሱ፣ ከፖቱ ሥር ውሃ እስኪወጣ። የወጣውን ድፉት። የአፈሩ ገጽ ደረቅ ደረቅ ማለት ሲጀምር ድገሙት። ሙሉ በሙሉ መድረቅም፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መዋልም የለበትም።

እስካሁን የቧንቧ ውሃ ሳጠጣው ነበር። አለቀለት?

የለም። ንጹሕ ውሃ በብዛት ከላይ እያፈሰሳችሁ አፈሩን ደጋግማችሁ እጠቡት። አፈሩ ላይ ወይም የፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ግን መታጠብ አይበቃውም፣ አፈሩን ቀይሩት።

የት ላስቀምጠው?

የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ። ቀትር ላይ ጠንካራ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ስስ መጋረጃ ጣል ይደረግበት። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ነጭ የኤልኢዲ መብራት በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይበራለት። ቅጠሉ ራሱ ይነግራችኋል። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከረዘመና ከተልፈሰፈሰ ብርሃን አንሶታል። ቀላ ካለ ብርሃኑ ደርሶታል። ገርጥቶ ቡናማ የተቃጠለ ቦታ ካወጣ በዝቶበታል።

መጸዳጃ ቤት እርጥበት ስላለው ይሻላል የሚሉ አሉ። መስኮት ካለው አዎ፣ ከሌለው እርጥበቱ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ማሰሮ ማውጣት አቆመ። ለምን?

የጥያቄዎች ሁሉ አለቃ ይሄ ነው። መልሱን ለማግኘት የቆዩትን ማሰሮዎች ተዉና አዲሱን ቅጠል ተመልከቱ። የቆየ ማሰሮ የሚነግራችሁ ተክሉ ከብዙ ወራት በፊት፣ ምናልባትም አሳዳጊው ጋ እያለ የነበረበትን ሁኔታ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ ያለበትን የሚናገረው አዲሱ ቅጠል ነው።

ጤነኛ ቅጠል ሲወጣ ጭራው ጫፍ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ጠፍጣፋ ነገር አለች፣ ቡናማ ጸጉር የለበሰች። ጭራው ወደ ታች ይወርድና ጫፏ ተመልሳ ወደ ላይ ትቃናለች። ሳምንታት ያልፋሉ፣ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ መነፋት ትጀምራለች። ወደ ብርሃን ይዛችሁ ብታዩአት፣ ክዳኑ ገና እንደተጣበቀ፣ ውስጧ ተክሉ ራሱ ያመነጨው ፈሳሽ ይታያል። አንድ ቀን ክዳኑ ከፊት በኩል ይላቀቅና ብድግ ይላል። ከንፈሩ ያን ዕለት ስስና የገረጣ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ውጭ እየተጠቀለለ ይሰፋል፣ ቀለሙም ይደምቃል።

አሁን የእናንተ የቆመው የቱ ጋ ነው? ጫፏ ሳትነፋ ጠቁራ ከደረቀች ብዙ ጊዜ የአየሩ እርጥበት አንሷል፣ ወይም ተክሉ በቅርቡ ቦታ ተቀይሮበታል። ጭራው ከነጭራሹ አጭር ሆኖ ቅጠሉ ብቻ ከተለቀ ብርሃን ወይም የአፈር ማዳበሪያ ጠርጥሩ፤ ናይትሮጅን በሥሩ በኩል እንደልብ ያገኘ ተክል ማሰሮ ለመሥራት አይቸኩልም። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ከቀድሞዎቹ እያነሱ ከመጡ ደግሞ ውሃውንና ሥሩን መርምሩ።

አዲስ የመጣ ተክል ከሆነ ግን ምንም አትንኩ። ግሪን ሃውስ ውስጥ ከለመደው እርጥበት ወጥቶ ቤታችሁን እስኪለምድ አንድ ሁለት ወር ማሰሮ ላያወጣ ይችላል። በየሳምንቱ ቦታ የሚቀይርለት ሰው ነው ችግሩን የሚያራዝመው።

እርጥበቱ ስንት መሆን አለበት? በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ብረጭበትስ?

ከ60 እስከ 80 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ቬንትራታ ቀስ በቀስ ከለመደ 50 አካባቢም ማሰሮ ያወጣል። መርጨት ለደቂቃዎች ያህል ቅጠሉን ያረጥበዋል፣ ከዚያ አየሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ጠጠርና ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ማስቀመጥም የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የምር የሚረዳው የአየር ማርጠቢያ ማሽን፣ ብዙ ተክሎችን ማጎራበት ወይም የመስታወት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ተክሉ ይቀቀላል። አየር ይዘዋወርበት።

ማሰሮው ከላይ ጀምሮ እየደረቀ ነው። እየሞተ ይሆን?

ማሰሮው አርጅቷል፣ ተክሉ ደህና ነው። አንድ ማሰሮ የሚኖረው ለወራት ነው፣ ከዚያ ክዳኑ ይጠወልግና ድርቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። ታቹ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ያለውን መፍጨቱን አላቆመም፣ ተዉት። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጭራው ላይ ቁረጡ፣ ቅጠሉን ግን አትንኩ። አንድ ቅጠል የሚያወጣው አንድ ማሰሮ ብቻ ነው። በተቆረጠው ምትክ ሌላ አይመጣም፣ የሚመጣው በአዲስ ቅጠል ላይ ነው።

ሳጓጉዘው ፈሳሹ ተደፋ። ልሙላው?

ትንሽ ዲስቲልድ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ከማሰሮው ሩብ ያህል። እስከ አፉ አትሙሉት። የተዘጋውን ሕፃን ማሰሮ ደግሞ ለማየት ብላችሁ በጥፍር አትክፈቱት።

ምን ላብላው? ሥጋስ?

ሥጋ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ወተት አይሆንም። ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ማሰሮውንም ያበሰብሰዋል። መስኮቱ የሚከፈት ከሆነ ተክሉ ራሱ ጉንዳንና ትንኝ ይይዛል፣ እናንተ ምንም አይጠበቅባችሁም። ምንም የማይገባበት ቤት ከሆነ በወር አንዴ ለአንድ ሁለት ማሰሮ አንድ አንድ ትንሽ ነፍሳት ይበቃል። የደረቀም ቢሆን ችግር የለውም። ለዓሣ የሚሸጠው የደረቀ ትልም ቁንጥር ታህል ይሠራል። በፀረ ተባይ የሞተ ዝንብ ግን አትስጡት።

ጨርሶ ባይበላ ይሞታል?

አይሞትም። ምግቡን የሚሠራው እንደማንኛውም ተክል ከብርሃን ነው። ከነፍሳቱ የሚያገኘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የመሳሰሉትን ነው። ሳይበላ ከቆየ እድገቱ ይዘገያል፣ በቃ።

የቤቱን ዝንብ ይጨርስልኛል?

አይጨርስም። ዝንብ ጠልታችሁ ከሆነ የገዛችሁት ተሸውዳችኋል።

እንዴት ነው የሚይዘው? ክዳኑ ይዘጋል?

ክዳኑ አይንቀሳቀስም። ዝናብ ገብቶ ፈሳሹን እንዳያቀጥነው የሚከልል ጣሪያ ነው። ሥራውን የሚሠራው ከንፈሩ ነው። ከክዳኑ ሥርና ከከንፈሩ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል። ጉንዳኗ ያን እየላሰች ትመጣለች። ከንፈሩ ላይ በዓይን የሚታዩ ደቃቅ መስመሮች አሉ፣ እርጥበት ሲያገኙ ስስ የውሃ ሽፋን ይይዛሉ፣ እግሯ መቆንጠጫ ያጣል። ለዚህ ነው ደረቅ ቀን ላይ ጉንዳኖች ከንፈሩ ላይ እንደልባቸው ሲመላለሱ የምታዩት፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ በተራ በተራ የሚገቡት። ብዙ ዝርያዎች የውስጥ ግድግዳቸው ሰም የተቀባ ስለሆነ መውጣት የለም። ከታች ያለው ፈሳሽ ዝልግልግና አሲድነት ያለው ነው፣ ኢንዛይሞቹ ለስላሳውን ክፍል ያሟሙትና ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል።

ሁሉም ግን ነፍሳት አዳኝ አይደለም፣ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሎዊ በሚባለው የቦርኒዮ ዝርያ የላይ ማሰሮ ላይ አንዲት ሽኮኮ መሳይ ትንሽ እንስሳ ተቀምጣ ከክዳኑ ጣፋጭ ትልሳለች፣ እዚያው እንደተቀመጠችም ትጸዳዳለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ሎዊ ከናይትሮጅኑ ብዙውን የሚያገኘው ከዚሁ ኩስ መሆኑን አሳይቷል። ሄምስሌያና የሚባለው ደግሞ ትንንሽ የሌሊት ወፎችን ቀን ቀን ያሳድራል። ኪራዩ ያው ነው። አምፑላሪያ የሚወድቅበትን የዛፍ ቅጠል ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለዓለም የተዋወቀው ፑዲካ ማሰሮዎቹን የሚሠራው ከመሬት በታች ነው።

ጣቴን ባስገባ ይጎዳኛል? ልጆችና ድመት አሉኝ።

አይጎዳም። ኢንዛይሙ ደካማ ነው፣ ነፍሳት ለመፍጨት እንኳ ቀናት ይፈጅበታል። እጃችሁን ታጠቡ፣ ውስጡ የበሰበሰ ዝንብ አለና። መርዛማ ተክል ተብሎ አይታወቅም። ድመቷ በማሰሮው ስትጫወት የምትጎዳው ማሰሮውን ነው።

በምን ልትከለው? መቼስ ልቀይርለት?

ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ሞስ) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ ጠጠር) እኩል በእኩል ብትቀላቅሉ ይበቃል። የኦርኪድ ቅርፊት ቢጨመርበት አየር ይበልጥ ይገባዋል። ኮምፖስት፣ ፍግ ወይም የአትክልት አፈር ፈጽሞ አይሆንም። የሸክላ ፖት ጨው ስለሚያጠራቅም የፕላስቲክ ይሻላል።

በሁለት ዓመት አንዴ፣ ወይም ሞሱ ሲበሰብስና ውሃ መያዝ ሲያበዛ ቀይሩት። ስታወጡት ሥሩ ጥቁርና ቀጭን ሆኖ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። የበሰበሰ ሥር ሲጫን ይላላል፣ ይሸታል። ጤነኛው ጥቁር ቢሆንም ጠንከር ይላል፣ ግን በቀላሉ ይበጠሳልና አሮጌውን ሞስ አጥርታችሁ ለማውጣት አትታገሉ። የተጣበቀው ተጣብቆ ይሂድ።

ማዳበሪያ ያስፈልገዋል?

የግድ አይደለም። መስጠት ከፈለጋችሁ የኦርኪድ ማዳበሪያ በሩብ መጠን አቅጥናችሁ በወር አንዴ ቅጠሉ ላይ ርጩ ወይም ማሰሮው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። አፈሩ ላይ ግን አታፍስሱ። ሞሱ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ መብቀል ከጀመረ በዝቷል ማለት ነው።

ሐረግ ሆኖ ረዝሟል። ልቁረጠው?

ቁረጡት። ሐረጉ በዱር ብዙ ሜትር ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ ግን ይንዘላዘላል። ስትቆርጡት ከታች አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ የታች ማሰሮዎችም ይመለሳሉ። የተቆረጠውን አትጣሉት። ሁለት ሦስት ቅጠል ያለው ቁራጭ አድርጉ፣ ቅጠሎቹን ግማሽ በግማሽ ቁረጡ፣ እርጥብ ስፋግነም ውስጥ ሰክታችሁ በሚያሳይ ፌስታል ሸፍኑት። ብርሃን ይኑረው፣ ቀጥታ ፀሐይ አይኑረው። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ሥር ይይዛል። ትዕግሥት አጥታችሁ እየሳባችሁ አትፈትሹት።

አበባ አወጣ። ዘር ይሰጠኛል?

ብቻውን አይሰጥም። ኔፔንቴስ ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት፣ ዘር ለማግኘት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማበብ አለባቸው። አበባው ላይ ቢጫ የብናኝ ኳስ ካያችሁ ወንድ ነው። የአንዳንዱ ሽታ ደስ አይልም፣ ከረበሻችሁ ግንዱን ቆርጣችሁ ጣሉ። ተክሉ ምንም አይሆን።

ዘር በኢንተርኔት ልግዛ?

አልመክርም። ዘሩ እንደ ክር ቀጭን ነው፣ የመብቀል አቅሙንም በወራት ውስጥ ያጣል። ቢበቅል እንኳ ትልቅ ተክል ለመሆን ዓመታት ይፈጃል። ሰማያዊና ባለ ቀስተ ደመና ማሰሮ የሚያሳዩ ማስታወቂያዎች ደግሞ ማጭበርበር ናቸው፣ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ኔፔንቴስ የለም። ትንሽም ቢሆን የበቀለ ተክል ግዙ።

ስትገዙ ከዱር የተነቀለ አለመሆኑን ጠይቁ። ሁሉም ዝርያዎች ሳይተስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ራጃና የሕንዱ ካሲያና በጣም ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ፣ የቀሩት በሁለተኛው። ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ቤተ ሙከራ ውስጥ ከትንሽ የተክል ቁራጭ፣ የተባዙት ርካሽም፣ ጤነኛም፣ ከሕሊና ዕዳ ነፃም ናቸው።

ቅጠሉ ሥር የሚያጣብቅ ጠብታ አለ። ተባይ ነው?

ላይሆን ይችላል። ኔፔንቴስ ቅጠሉና ጭራው ላይም ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር፣ የማይነቃነቅ ቡናማ ቅርፊት ወይም ተጨማዶ የሚወጣ አዲስ ቅጠል ካለ ግን ተባይ ነው። ነፍሳት በል መሆኑ ከተባይ አያድነውም። ጥቂት ከሆኑ አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉ። የቅጠሉ ብብት ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉና በሳምንቱ ድገሙት። መድኃኒት ከተጠቀማችሁ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፣ ማሰሮው ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቁ።

ለሁለት ሳምንት ከቤት ልወጣ ነው። ምን ላድርግ?

ከመውጣታችሁ በፊት ጥሩ አድርጋችሁ አጠጡት። ከቀጥታ ፀሐይ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት፣ ጨለማ ውስጥ ግን አታስገቡት። በደንብ የሚደርቅ ክፍል ከሆነ ከሥሩ ባለው ሳህን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ንጹሕ ውሃ ተዉለት፣ ለዚያች ጊዜ አይጎዳውም። ቁልፍ የምትሰጡት ሰው ካለ ደግሞ ውሃውን ራሳችሁ ቀድታችሁ አጠገቡ አስቀምጡለት። አለበለዚያ ከቧንቧ መቅዳቱ አይቀርም።